መብራት ሳበራ ነዳጅ የምትጨምረው ፒካፕ እና ርካሹ ቴስተር

አሮጌዋ ፒካፔ አንድ ተአምር ነበራት። ማታ የፊት መብራት ሳበራ ነዳጅ ትጨምራለች። ሩብ ላይ የነበረው ቀስት ወደ ግማሽ ይጠጋል፣ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው ጌጅም አብሮት ወደ ቀዩ ይወጣል። መብራቱን ሳጠፋ ሁለቱም ቦታቸው ይመለሳሉ። መጀመሪያ ስቄ ነበር፤ ሙቀቱ ቀዩ ጋ ሲደርስ ግን ሳቁ ቀረ።

ያሳየሁት ኤሌክትሪሻን ገና ኮፈኑን ሲከፍት "የሙቀት ሴንሰሩ ሞቷል" አለኝ። ቀየርነው፣ ምንም ለውጥ የለም። ቀጥሎ የነዳጁን መጠን የሚለካውን ተንሳፋፊ ለመቀየር ታንኩ ይውረድ ሲለኝ በቃ አልኩና ተራውን ዲጂታል ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ገዛሁ፤ ያ ቢጫው፣ መሃሉ ላይ ክብ መምረጫ ያለው። የምጽፈው ስለሱ ነው።

እርግጥ ቴስተሩ አያስብላችሁም። ሁለት ጌጆች እኩል ሲቀውሱ ሁለት ሴንሰሮች ተማክረው ሞቱ ማለት አይመስልም፣ የሚጋሩትን ነገር መፈለግ ነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ነዳጁና ሙቀቱ የሚጋሩት ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ የቮልቴጅ ማስተካከያ ነው። እሷ የባትሪውን ቮልት ዝቅ አድርጋ ለጌጆቹ ታካፍላለች፤ ማሳዋ፣ ማለትም በመኪናው ብረት በኩል ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የሚያገናኛት፣ ከላላ ግን በደንብ አትቀንስም፣ ሁለቱም ቀስቶች ሽቅብ ይወጣሉ። የተበላሸው አንዱ ጌጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወደ ሴንሰሩና ወደ ሽቦው ነበር የምሄደው።

የቴስተሩን መምረጫ ዲሲ (እንደ ባትሪ ያለ ኤሌክትሪክ) 20 ቮልት ላይ አደረግኩት። ጥቁሩን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን ከዳሽቦርዱ ጀርባ ካለው የማሳ ብሎን ላይ፤ ከዚያ ቁልፍ ከፍቼ መብራት ሳበራ 0.9 ቮልት አነበበ። ጤነኛ ማሳ ላይ ከ0.1 ቢበዛ ከ0.2 ማለፍ አልነበረበትም። ብሎኑን ስፈታው ሥሩ ዝገት ብቻ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አጥብቄ አሰርኩት፣ 0.04 ሆነ። አሁን መብራት በራም ጠፋም ሩብ ነዳጅ ሩብ ነው።

ስለ ቴስተሩ ከተባለ፣ ለቮልት ምንም አይወጣለትም። ሽቦ ሲገናኝ ጢጥ የሚለው ነገሩም ከጌጆቹ ጀርባ ያለውን ስስ የፕላስቲክ ሰርኪት ተበጥሶ እንደሆነ ለማየት ግሩም ነው። ኦም (ሽቦ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት) ላይ ግን ሁለቱን ጫፎች ስታገናኙ ዜሮ ማለት ሲገባው 0.4 ይላል፣ የሽቦዎቹ የራሳቸው ነውና እሱን መቀነስ አትርሱ፤ ኦም የሚለካው ደግሞ የሴንሰሩ ሽቦ ተነቅሎ ነው። ስክሪኑ መብራት የለውም፣ ዳሽቦርድ ሥር ተጋድሞ ለሚሠራ ሰው ይሄ ስቃይ ነው። ሽቦዎቹም አጭርና ድርቅ ያሉ ስለሆኑ ከባትሪው እስከ ዳሽቦርዱ ለመድረስ ሌላ ሽቦ መቀጠል ነበረብኝ።

አንድ ነገር አደራ። ቀዩን ገመድ 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ላይ ረስታችሁ ባትሪ እንዳትለኩ፣ ሾርት ነው፤ ብዙ ርካሽ ቴስተሮች ላይ ደግሞ ያ ቀዳዳ ፊውዝ የለውም። የዘይት ግፊት ጌጅ ዜሮ ካሳየም ቴስተር ፍለጋ አትሂዱ። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉና ዘይቱን እዩ፣ ጌጁን የምንጠረጥረው ከዚያ በኋላ ነው።

ያ "ሞቷል" የተባለውን ሴንሰር አልጣልኩትም ነበር። በመጨረሻ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሬ ለካሁት፣ ከዚያ ውኃውን አፈላሁት፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ኦሙ ቀስ እያለ ወረደ፣ ልክ እንደሚገባው። ምንም አልሆነም ነበር።