ካፖ የታሰረበት ሲተርን ከመግዛታችሁ በፊት

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። ሲተርን፣ ማለትም እንደ ጊታር የሚመታውን ባለ ጥንድ ክር መሣሪያ፣ የምትፈልጉ ሰዎች፣ ሻጩ የመሣሪያው አንገት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ ባንዴ ተጭኖ የሚይዝ ማሰሪያ) አስሮ እየተጫወተ ካሳያችሁ፣ ካፖውን በገዛ እጃችሁ ሳታወልቁ ሳንቲም እንዳትከፍሉ።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ሙሉ ጊታር ነው፤ ጥግ ላይ አንድ ሁለት ማንዶሊንና ቡዙኪ ይሰቅላል፤ ሲተርን ስትሉት ዓይኑ ይበራል። ይሄን መሣሪያ ብሎ የመጣ ሰው ብዙ ቦታ ዞሮ እንደመጣ ያውቃላ! በእጃቸው የሚሠሩት ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው፣ ወረፋቸው አያልቅም፣ ዋጋቸው አይቀመስም። ፋብሪካ ደግሞ ጊታር እንደሚያመርተው ሲተርን አያመርትም። ያገለገለ ልግዛ ስትሉ “ጥንታዊ ሲተርን” እያሉ የጀርመኖቹን ባለ ዘጠኝ ክር ዋልድዚተር ያመጡላችኋል። ዋልድዚተር በራሱ ክፉ መሣሪያ አይደለም፣ ዘመዱም ነው፤ እኔ ግን የፈለግሁት አሥር ክር በአምስት ጥንድ ያለውን፣ እንግሊዛዊው ስቴፈን ሶቤል በ1970ዎቹ ያስለመደውን ዓይነት ነበር። “ፊቱ ሙሉ ስፕሩስ እንጨት፣ በእጅ የተጠናቀቀ፣ ዋጋውም በቅናሽ” ሲለኝ እዚያው ቆምኩ።

አወረደው። ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱን አቋርጠው ከሚያልፉት ቀጫጭን ብረቶች ሁለተኛው) ላይ ካፖ አሰረ፣ ቁጭ አለና ተጫወተ። ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። ጥንዶቹ ክሮች ይስማማሉ፤ ወደ ላይኞቹ ፍሬቶች ወጥቶ ሲይዝም ቅኝቱ ንቅንቅ አይልም። ሲተርን ላይ ካፖ ማሰር ብርቅ ስላልሆነ ማንም አይጠረጥርም። መሣሪያውን ተቀብዬ ጣቴን ወደ ካፖው ስሰድ ግን እጁን እጄ ላይ አሳረፈ። ቀስ ብሎ፣ በአክብሮት። “ጌታዬ፣ ክሩ ገና መቀየሩ ነው፤ አሁን ቢያወልቁት ቅኝቱ ይበተንብዎታል። ቤት ይውሰዱትና ትንሽ ይረፍ።” አዲስ ክር እየተሳበ ቅኝት እንደሚለቅ ክር የነካ ሁሉ ያውቃል። ውሸቱ የሠራለት በዚህ ነው። ያቺን እጁን አሁንም ባሰብኳት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ቤት አሳረፍኩት፣ ካፖውን አወለቅሁ፣ ባዶ ክሮቹን (በጣት ሳይያዙ የሚመቱትን) ዲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ዲ ብዬ ልክ አስገባኋቸው። አንደኛውን ፍሬት ስይዝ ድምፁ ከልኩ በላይ ወጣ። ሁለተኛውም ወጣ፣ ሰባተኛውም፣ አሥራ ሁለተኛውም። ሁሉም በእኩል መጠን! በተያዘው ስቃኝ ደግሞ ባዶው ይወርዳል። የዚህ መሣሪያ ጣዕሙ እኮ ባዶ ክሮቹ ላይ ነው፤ ዜማውን በአንዱ ጥንድ ይዛችሁ ሌሎቹ ከሥር ሲያጉረመርሙ ነው ሲተርን ሲተርን የሚሆነው።

ማስመሪያ አወጣሁ። የክሩ ርዝመት 55 ሴንቲሜትር ነው ተብሎ ነበር የተሸጠልኝ። በዚያ ልክ ከሆነ ከነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ ከሚያርፉበት ቁራጭ) እስከ አንደኛው ፍሬት 31 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚመጣው። የኔው 36 ሆኖ ተገኘ። ከነቱ እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት 28 ሴንቲሜትር፣ ከዚያ እስከ ብሪጁ (በሌላው ጫፍ ክሮቹ ፊቱ ላይ እስከሚያርፉበት) ደግሞ 27.5። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው፤ ከተበላለጡም የብሪጁ ወገን በጥቂቱ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ፍሬቶቹ እርስ በርሳቸው ልክ ናቸው፤ ቦታውን ስቶ በግማሽ ሴንቲሜትር ወደ ኋላ የተለጠፈው ነቱ ነው። ይህ ባዶውን ክር በአንድ ስድስተኛ ሰሚቶን (ሰሚቶን የአንድ ፍሬት እርምጃ ነው) ያህል ያወርደዋል፣ ደህና ጆሮ ያለው ሰው አይችለውም። ካፖ ሲታሰር ደግሞ ክሩ የሚነሳው ከነቱ ሳይሆን ከካፖው ስለሆነ ጉዱ ሁሉ ይሸፈናል። ሰውየው የሚያደርገውን ያውቃል!

መልሼ ስወስደው ሻጩ ወጥቷል ተባለ፤ ድምፁ ግን ከጓዳ ይሰማኛል። ሒሳብ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ መሣሪያውን ከቦርሳው እንኳ አላወጣውም። “ጌታዬ” ቀርቶ “አንተ” ሆኛለሁ። “መሣሪያ ትችላለህ ለመሆኑ?” አለኝ፣ ወደ ጓደኛው እየሳቀ። ቀጥሎም፣ “ይሄ ጊታር አይደለም፣ ጥንታዊ ነገር ነው። ድሮም እንዲህ ነበር የሚቃኘው። ጆሮህን አልምደው።”

ይህችን ከየት እንደለቀማት ገብቶኛል። የ16ኛው መቶ ዘመን ሲተርኖች ብዙዎቹ ፍሬታቸው ዛሬ እንደለመድነው በእኩል የተከፋፈለ አልነበረም፤ ሚንቶን የሚባለውን አከፋፈል ይከተሉ ነበር፣ አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ከፊሉ ፍሬት ሆን ተብሎ ይዘለላል። እሺ፣ እውነት ነው። በየትኛውም አከፋፈል ግን ኦክታቭ ኦክታቭ ነው! የባዶው ክር ድምፅ ከፍ ብሎ የሚደገምበት ቦታ፣ ክሩ እኩል ሲከፈል መሐሉ ላይ ይገኛል፣ በቃ። ይህንን ስነግረው “እንግዲያው ብሪጁን ገፋ አድርገው” አለኝ። ብሪጁ ቢገፋ ኦክታቩ ይስተካከል ይሆናል፣ ነቱ አጠገብ ያሉት ፍሬቶች ግን እንደተዛነፉ ይቀራሉ። መልስ አልሰጠኝም። ደረሰኙን አንሥቶ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚለውን መስመር በእስክሪብቶው ጫፍ ሁለቴ መታ መታ አደረገና፣ “በዚህ ዋጋ ምን ጠብቀህ ነበር?” አለ። ጓደኛው አሁንም ሳቀ።

ምን ልጠብቅ? ርካሽ ሲሆን ቫርኒሹ ሊወፍር ይችላል፣ የመቃኛው ቁልፍም ሊጠጥር፣ ጌጡም ሊቀር ይችላል፤ እቀበላለሁ። ነትን ቦታው ላይ መለጠፍ ግን ውድ እንጨት አይጠይቅም፣ ማስመሪያ ማንበብ ነው የሚጠይቀው። ደግሞ “ሙሉ ስፕሩስ” የተባለው ፊት በድምፅ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ በባትሪ ሲታይ ንብርብሩ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ኮምፔርሳቶ ነው። እሱንም ለልጁ አሳየሁት። “ማን ቀዳዳ ውስጥ ይመለከታል?” ነው ያለኝ።

ስለዚህ ካፖውን አውልቁ፣ ባዶውን ክርና አሥራ ሁለተኛውን ፍሬት በቱነር (በቅኝት መለኪያ) አስተያዩ፣ ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። አላስነካም ካለ ውጡ።

መሣሪያው አሁን ጠጋኝ ዘንድ ነው። ነቱን ወደ ፍሬቱ ማስጠጋት ይቻላል ብሎኛል፤ ለኮምፔርሳቶው ግን መድኃኒት የለውም። ከሱቁ ሰባራ ሳንቲም አልተመለሰልኝም።