ለቼክ ኢንጂን መብራት የገዛሁት የብሉቱዝ ኮድ ማንበቢያ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

በቶዮታ ኮሮላዬ ላይ ለወራት የተጠቀምኩበት የኦቢዲ 2 ኮድ ማንበቢያ (የመኪናው ኮምፒውተር የሚመዘግባቸውን የብልሽት ኮዶች የሚያነብ መሣሪያ) ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ ከመሪው ሥር ባለው ባለ16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ ተሰክቶ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይገናኛል። ኮድ ማንበቡ ጥሩ ነው፤ ለእኔ ዋጋውን ያወጣው ግን ሞተሩ እየሠራ ሳለ የሴንሰሮቹን ንባብ ማሳየቱ ነው።

ዘይት እየተቀባና እየታጠበ የሚያገለግል የጨርቅ ኤር ፊልተር ካስገጠምኩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቼክ ኢንጂን በራ። የተነበበው ኮድ ፒ0171 ነበር፤ ይኸውም በድብልቁ ውስጥ ነዳጅ አንሶ አየር በዝቷል ማለት ነው። አንዱ መካኒክ ኦክስጅን ሴንሰር፣ ሌላው የነዳጅ ፓምፕ እንዲቀየር መከሩኝ። ነገር ግን ኮዱ የሚናገረው ኮምፒውተሩ ያየውን ሁኔታ እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይደለም። የአየሩን መብዛት በትክክል የዘገበ ሴንሰር ቢቀየር ኖሮ ጤነኛ ዕቃ ተጥሎ መብራቱ እንደገና ይበራ ነበር።

ኮዱን ከማጥፋቴ በፊት፣ መብራቱ በበራበት ቅጽበት ኮምፒውተሩ የመዘገባቸውን ንባቦች አስቀመጥኩ፤ ኮዱ ሲጠፋ እነርሱም አብረው ይጠፋሉና። ከዚያም የነዳጅ ማስተካከያውን መቶኛ ተከታተልኩ። ይህ ቁጥር ኮምፒውተሩ ካሰላው መጠን ላይ ምን ያህል ነዳጅ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳይ ሲሆን፣ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ከ10 በመቶ ካላለፈ በአብዛኛው አያሳስብም። አየር በተሰነጠቀ ቱቦ ወይም ባልጠበቀ ማሰሪያ በኩል እየገባ ቢሆን፣ ቁጥሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) ከፍ ብሎ ነዳጅ ሲረገጥ መውረድ ነበረበት። የእኔ መኪና ግን በሚኒሞ ደህና ሆኖ፣ የእንጦጦን ዳገት ስወጣ ከ20 በመቶ በላይ አሳየ። እንዲህ ያለው ንባብ ወይ ነዳጅ በበቂ አለመድረሱን፣ ወይ የአየር መጠን የሚለካው ማፍ ሴንሰር አሳንሶ ማንበቡን ያመለክታል።

ማፍ ሴንሰር በኤሌክትሪክ የሚግል ቀጭን ሽቦ አለው፤ የሚያልፈው አየር ሽቦውን በሚያቀዘቅዘው ልክ የአየሩን ክብደት ያሰላል። ከፊልተሩ የተረፈ ዘይት አቧራ ይዞ ሽቦው ላይ ሲለጠፍ ልኬቱ ያንሳል። የአዲስ አበባን ከፍታ እንደ ምክንያት ያቀረቡልኝም ነበሩ፤ ሆኖም ሴንሰሩ የሚለካው ክብደትን ስለሆነ የአየሩ መሳሳት ብቻውን ይህን ኮድ አያመጣም። ለዚሁ ሴንሰር በተዘጋጀ ስፕሬይ፣ ሽቦውን በጣት ሳልነካ አጥቤ በደንብ አደረቅኩት፤ ኦሪጅናሉንም የወረቀት ፊልተር መለስኩ። በዚያው ዳገት ላይ ቁጥሩ ወደ ጤናማው መጠን ወረደ፤ ፓምፑም ደህና እንደነበር በዚሁ ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ መብራቱ አልበራም።

ድክመቶቹም አሉ። የእኔው ማንበቢያ የኤርባግና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ኮዶችን አያነብም፤ ብሉቱዙም አልፎ አልፎ ይቋረጣል። ሶኬቱ መኪናው ጠፍቶም ኃይል ስለሚሰጥ፣ መኪናው ለቀናት የሚቆም ከሆነ ባትሪ እንዳይጨርስ መንቀል ያስፈልጋል። መብራቱ እየበራ እየጠፋ ሲያብለጨልጭ ደግሞ ንባብ ለመከታተል መንዳት አይገባም፤ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ጭስ ማስወጫው ገብቶ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊስት ሊያበላሸው ይችላል። አሁን ማንኛውንም ከኦሪጅናሉ ውጭ የሆነ ዕቃ ከማስገጠሜ በፊት በሚኒሞና በዳገት ላይ ያለውን ንባብ በስልኬ አስቀምጣለሁ።