አራት ኪሎ ያለችው ፕሪንት ቤት፦ ለክፍል ተወካዮች

ከአራት ኪሎ አደባባይ ወደ ውስጥ ገባ ብላ፣ ከአንድ ቁርስ ቤት ጎን ያለች ጠባብ ፕሪንት ቤት ናት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ትልቅ ኮፒ ማሽን፣ አንድ መጠረዣ። ቀድሞ ፒያሳ ነበረች፤ ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ነው ወደዚህ የመጣችው። ባለቤቷን ሁላችንም «ማዘር» ነው የምንላቸው። የኛ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ራቅ ይላል፣ በሩ ላይ ደግሞ ፕሪንት ቤት ሞልቷል። ቢሆንም ጉዳዩ ከበድ ሲል ታክሲ ይዤ እዚህ እመጣለሁ።

የሴክሽናችን ሴት ተወካይ ነኝ። እኛ ጋ በየሴክሽኑ አንድ ወንድ አንድ ሴት ይመረጣል። ምርጫ ሲባል ደግሞ ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። መምህሩ ወጣ ሲል ሁለት ሦስት ስም ይጠራል፣ እጅ ይወጣል፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ «ነገ ክላስ አለ?» የሚል ሁሉ አንቺ ጋ ይደውላል።

ባለፈው ሴሚስተር ሁለት ከባድ ፈተና በአንድ ቀን ተደረደረብን፤ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከሰዓት። የቴሌግራም ግሩፓችን ተቀጣጠለ። እኔም ማመልከቻ ጽፌ፣ የተማሪውን ፊርማ በተለየ ወረቀት ሰብስቤ፣ ኮፒ ላስደርግ ሄድኩ። ማዘር መነጽራቸውን አወረዱና አነበቡት። የሰው ወረቀት ያነባሉ፤ ደስ የማይለው ሰው ይኖራል።

«ልጄ፣ ይሄ ለማን ነው?»

«ለተማሪዎች ህብረት።»

«የፈተና ፕሮግራም ህብረቱ ምን ያደርገዋል? ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አድርጊው። ለዲኑ ግልባጭ፣ ለህብረቱም ግልባጭ።»

ማዘር ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። ግን ስንት ዓመት የተማሪ አቤቱታ ሲተይቡ ኖረው የትኛው ጉዳይ በየት በር እንደሚገባ ከብዙ ተመራጭ በላይ ያውቃሉ። የፈተናና የኮርስ ነገር ከትምህርት ክፍል ይጀምራል፤ እዚያ ካልተፈታ ወደ ኮሌጁ ዲን። የዶርምና የካፌ ነገር የተማሪዎች አገልግሎት ነው፤ እዚያ ህብረቱ አቅም አለው። የአንድ ሰው ውጤት ከሆነ ራሱ ባለጉዳዩ ያመልክት፣ በጅምላ ፊርማ ውጤት አይታይም። ደንቡ ራሱ ይቀየር የምትሉ ከሆነ ደግሞ ሴኔት ነው፣ የዩኒቨርሲቲው የበላይ የትምህርት ጉባኤ፤ እዚያ የተማሪ ወንበር አለ፣ ግን በዲኖችና በዳይሬክተሮች መሀል ጥቂት ነው።

ስለ ፊርማው የነገሩኝን ለሁሉም ተወካይ እላለሁ። ፊርማ ያለበት እያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ጥያቄው በአንድ መስመር ይጻፍ። ካልሆነ «ይሄማ አቴንዳንስ ነው» ይሏችኋል። ከስም ጎን የመታወቂያ ቁጥር ይኑር። ዋናውን መዝገብ ቤት ስታስገቡ የእናንተን ኮፒ ቀን፣ ቁጥርና ማህተም አስደርጉበት። ያ ማህተም ከሌለ ከሳምንት በኋላ «የመጣ ደብዳቤ የለም» ነው መልሱ። እኔ ሁሉንም አደረግኩ፣ አንዱ ፈተና ወደ ሰኞ ዞረልን።

እግረ መንገዴን ስለ ህብረቱ ልበል። እኛ ጋ የህብረቱን ፕሬዚዳንት የሚመርጡት የክፍል ተወካዮች ናቸው፣ ተማሪው በቀጥታ ድምፅ አይሰጥም። ስለዚህ አብዛኛው ልጅ ስሙን እንኳን አያውቀውም። የካፌ ኮሚቴው ግን ይሠራል፤ ጠዋት መጋዘን ቆመው እህሉን ያስመዝናሉ። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት 22 ብር በነበረበት ጊዜም ያስመዝኑ ነበር፣ በ2017 ዓ.ም. 100 ብር ሲገባም አልተዉትም። ሴኔት የሚገቡት ናቸው የማይገቡኝ። ምን ተባለ፣ ምን ተወሰነ፣ አንድ ገጽ ጽፎ የሚለጥፍ የለም። ማዘር «ለነሱ ቃለ ጉባኤ ተይቤ አላውቅም» ብለው ሳቁ።

አንድ ቀን ወረፋ ስጠብቅ የጡረታ ወረቀት ኮፒ የሚያስደርጉ አባት አጠገቤ ነበሩ። የያዝኩትን አይተው «እኛ ዘመን ወረቀት የምናባዛው በስቴንስል ነበር፣ እጃችን ቀለም ሆኖ ነው የምናድረው» አሉኝ። በየካቲት 1957 ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ ሲወጣ ገና ልጅ ነበሩ። የተማሪው ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ሲገደል ግን ስድስት ኪሎ ተማሪ ነበሩ። ስለዚያ ቀን ብዙ አልተናገሩም። «አሁን ስለምን ነው የምትፈርሙት?» አሉኝ። ስለ ፈተና ፕሮግራም ስላቸው «ጥሩ ነው፣ እሱም ይፈረምበት» ብለው ሂሳባቸውን ከፈሉ። የኔንም ከፈሉልኝ።

ወደ ቤቷ ልመለስ። ፕሪንቱ ጥርት ያለ ነው፤ ገጹ 5 ብር፣ ብዙ ከሆነ ይቀንሳሉ፣ ቴሌብርም ይቀበላሉ። የአማርኛ ፋይል ፓወር ግዕዝ በሚባለው መጻፊያ ፕሮግራም ጽፋችሁ ከሆነ ሌላ ቦታ ፊደሉ ተዘበራርቆ ይወጣል፤ እዚህ ግን ያስተካክሉታል። ያም ሆኖ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ብትልኩ ይሻላል። ጥረዛው ላይ አልመክርም፤ የጓደኛዬ ሪሰርች ገና ሳይቀርብ ገጹ ተላቀቀ። ጄነሬተር የለም፤ መብራት ከጠፋ ቁርስ ቤቱ ገብቶ ሻይ እየጠጡ መጠበቅ ነው። ደግሞ ማዘር ካልመሰላቸው አያትሙም። አንድ ልጅ የሌላ ማመልከቻ ፊርማ ቆርጦ በራሱ ወረቀት ላይ ሊያስለጥፍ ሲጠይቅ ፍላሹን ነቅለው ነው የሰጡት።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፤ አንዷን የወሰደው ጥረዛው ነው። እሁድ ዝግ ናቸው። የህብረት ምርጫ ሰሞን ከሰዓት አትሂዱ፤ ተወዳዳሪው ሁሉ ፎቶውን በከለር ሊያሳትም ተሰልፎ ታገኙታላችሁ።