ለወገቤ ብዬ ሄጄ ምላሴን ገሩልኝ

ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምጽፈው ባጃጄ ላይ ቦርሳ ወይም መታወቂያ ተረስቶ ሲገኝ ነው። ዛሬ ግን የራሴን ዕዳ ልክፈል፤ ምስጋናም ጥቆማም ይሁንልኝ።

ስምንት ዓመት ባጃጅ ነድቻለሁ። የሙያው ሰው ያውቀዋል፣ ከጎማው ቀድሞ የሚያልቀው የሹፌሩ ወገብ ነው። አምና ጥቅምት ላይ ከመቀመጫዬ ስነሣ ጣሪያውን በሁለት እጄ ካልያዝኩ አልቆምም ነበር። ቅባት ተቀባሁ። አንድ ወጌሻ ጋ ሄጄ ታሸሁና ጭራሽ ሦስት ሌሊት በጀርባዬ መተኛት አቃተኝ።

በዚያው ሰሞን አንዲት እናት ከሽምብጥ እስከ ጣና ዳር የጠዋት ኮንትራት ያዙኝ። ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህርት ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ «ሥራውን ተናገር፣ እኔን ተወኝ» ብለውኛል። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጥቅል ሰሌን በብብታቸው ይዘው ይወጣሉ፤ እኔ ዓሣ ሊቸረችሩ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ሲወርዱ ልደግፋቸው ብዬ ስወርድ አዩኝና «ልጄ፣ አንተ ነህ እኔን የምታወርደኝ፣ እኔ ነኝ አንተን?» አሉኝ።

ዮጋ እንደሚያስተምሩ የሰማሁት ያኔ ነው። ወዲያው ግን አላስገቡኝም። «መጀመሪያ ሐኪም ይይህ፤ ዲስክ ከሆነ የማላስነካህ እንቅስቃሴ አለ» ብለው መለሱኝ። ታይቼ ወረቀቱን ሳሳያቸው ነው ቦታ የሰጡኝ። ክፍያ ሊቀበል የተቀመጠ ሰው እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

የምንሠራው ሣር ላይ ነው፣ ከውኃው ሃያ እርምጃ ርቀን። ምንጣፍ የሌለው ሰሌን ያነጥፋል፣ ሰሌን የሌለው ጋቢውን። ሰባት ሴቶችና እኔ። ሂጃብ የለበሱ አሉ፣ ኪዳን አድርሰው ነጠላቸውን እንዳጣፉ የሚመጡም አሉ። መጨረሻ ላይ በጀርባ ተንጋሎ ጸጥ ማለት አለ፤ ሻቫሳና ይባላል፣ የሬሳ አተኛኘት ማለት ነው። ትርጉሙን ሲነግሩን አንዷ «በስመ አብ!» ብላ ተነሥታ ተቀመጠች። አሁን ከሁላችን ቀድማ የምታንኮራፋው እሷ ናት።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሃይማኖቱ ነው። እኔም የንስሐ አባት ያለኝ ሰው ነኝ፣ ፈርቼ ነበር። እትዬ አልደበቁንም። ዮጋ ከሕንድ የመጣ፣ ከዚያ አገር እምነትና ፍልስፍና ጋር አብሮ ያደገ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ነገሩን። የዜማውንና የምስጋናውን ክፍል አያስተምሩም። «ጸሎትህን ከቤትህ ይዘህ ና፣ እሱኑ ይዘህ ትመለሳለህ» ይላሉ። እኔ አወቅሁ ብዬ «ይሄ እኮ ስግደት ነው» ስላቸው ቆጣ አሉ፦ «አታመሳስል! ስግደት ለፈጣሪህ ነው፣ ይሄ ለወገብህ።» ለንስሐ አባቴም እንዳለ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ «ለምላስህስ መድኃኒት አላቸው?» አሉኝ።

ኖሯቸዋል።

ዮጋ ሲባል ሰው የሚያስበው መተጣጠፉን ነው። ፓታንጃሊ የተባለው የጥንት የሕንድ ሊቅ ግን መንገዱን በስምንት ከፍሎ መተጣጠፉን ሦስተኛ ላይ ነው ያስቀመጠው። አንደኛው ያማ ይባላል፤ ከሰው ጋር ስንኖር የምንጠብቃቸው አምስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያዋ አሂምሳ ናት፦ በእጅም በአፍም በልብም አለመጉዳት። እትዬ አንዷን እያነሡ የሳምንት የቤት ሥራ ይሰጣሉ። ለእኔ የሰጡኝ እንዲህ ነበር፦ ግራ ኪስህ ውስጥ ሃያ ሽምብራ ጨምር፣ ሰው በሰደብክ ቁጥር አንዷን ወደ ቀኝ አዙር። በልብህ የሰደብከውም ይቆጠራል።

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ግራ ኪሴ ባዶ ሆነ። ቁርስ አልበላሁም ነበርና ሽምብራውን በላሁት።

ማክሰኞ ሌላ ሃያ ያዝኩ። «ስድብ የሚወጣው በአየር ነው፤ አየሩን ቀድመህ አስወጣው» ብለው፣ አራት ቆጥሬ ማስገባት ስድስት ቆጥሬ ማስወጣት አስተማሩኝ። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ቀነስ ስለሚል ነው ማስወጣቱ የሚረዝመው። አንዱ ፊቴ ዘው ሲል ስድስት ቆጥሬ እስክጨርስ ሰውዬው የለም፣ ሄዷል። ማንን ልስደብ? ሐሙስ ዕለት ወደ ቀኝ ኪስ የተሻገሩት ስድስት ብቻ ነበሩ። ዓርብ አሥራ አንድ ገቡ፤ ዓርብ የቤንዚን ሰልፍ ነበር፣ አትፍረዱብኝ።

ሦስተኛዋ አስቴያ ናት፣ አለመስረቅ። «በዚህስ ንጹሕ ነኝ» አልኳቸው፤ የተረሳ ስልክ ስንቴ መልሻለሁ። «የዝናብ ቀን ዋጋህስ?» አሉኝ። ዝናብ ሲወርድ የባጃጅ ዋጋ ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቃላችሁ። ሁለት ቀን ተከራከርኳቸው፦ ጭቃው አለ፣ ሞተር ውኃ ይገባዋል፣ ልጅ አሳድጋለሁ። አንድም ቃል አልመለሱልኝም። ከዚያ በአንድ ዝናባማ ማታ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በር ላይ ሕፃን በጋቢ የጠቀለለች ሴት «ስንት ነው ወንድሜ?» አለችኝ። እጥፉን ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ አየሩ ብቻ ወጣ። በታሪፉ ወሰድኳት። ጻድቅ ሆንኩ አላልኩም፤ ኮንትራት ላይ ዛሬም እከራከራለሁ። በመደበኛው መስመር ግን ዘነበም አባራም አንድ ዋጋ ነው፣ ጨምሬ ካገኛችሁኝ ይህን ጽሑፍ አሳዩኝ።

ሳትያ፣ ማለትም እውነት መናገር፣ ላይ አልቆይም። «ደርሻለሁ፣ ሁለት ደቂቃ» ማለቴን ገና አልተውኩም።

የከበደኝ ሌላ ነው። የተራችን ልጅ ዕቁብ ደርሶት አዲስ ባጃጅ ሲያወጣ እንቅልፍ አጣሁ። ሳፍር ሳፍር ለእትዬ ነገርኳቸው። ከዚያው ከፓታንጃሊ አራት ነገር አመጡልኝ፦ ደስ ላለው ሰው ወዳጅነት፣ ለተቸገረ ርኅራኄ፣ መልካም ለሚሠራ አብሮ መደሰት፣ ክፉ ለሚሠራ ደግሞ ልብን ሳያናውጡ ማለፍ። «ለእሱ ብለህ አይደለም፤ የራስህ ልብ ጥርት እንዲል ነው» አሉኝ። ሄጄ ጥርሴን ነክሼ «እንኳን ደስ አለህ» አልኩት። ማኪያቶ ጋበዘኝ። ቅናቱ ጨርሶ ባይለቀኝም ያን ሌሊት ተኛሁ።

ባለቤቴ ለውጡን ያወቀችው በጫማዬ ነው። ድሮ ማታ ስገባ ጫማዬ ግድግዳ ይመታ ነበር፤ አሁን ድምፁ ስለማይሰማት በር ላይ ትጠብቀኛለች። ወገቤን ልረሳው ነበር፦ አራተኛው ወር ላይ ጣሪያውን ሳልይዝ መነሣት ጀመርኩ።

ለሚፈልግ፦ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ አንድ ሰዓት ነው። ክፍያው እንደ አቅም ነው፤ እኔ በማመላለስ ነው የምከፍለው። የማልወድላቸው ነገርም አለ። አምስት ደቂቃ ያረፈደ ሰው አያስገቡም። እኔ ራሴ አድርሻቸው ቤንዚን ልቅዳ ብዬ ሄጄ ስመለስ ሰሌኔን ጠቅልለው ጠብቀውኛል። ትንኙም አለ። ክረምት ሲገባ ደግሞ መጠለያ ስለሌለ ብዙ ቀን ይቀራል፤ ከእናንተ መሐል ጠዋት ጠዋት ባዶ የሚሆን አዳራሽ ወይም ሰፊ በረንዳ ያለው ካለ ውለታ ይዋልልን።

ሰኔ 14 የዓለም የዮጋ ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2014 እ.ኤ.አ. ወስኖት ከ2015 ጀምሮ ይከበራል። እትዬ የዚያን ዕለት ለመጣ ሁሉ በነጻ ያስተምራሉ። ስልካቸውን አደባባይ ላይ አላወጣም፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ወይም በማለዳ ከሽምብጥ ሲወርድ ሰሌን ያቀፉ እናት የጫነ ባጃጅ ካያችሁ እጅ አሳዩ። ቦታ ካለ አቆማለሁ፣ ቢዘንብም በታሪፉ።