ሶሻል ገብቼ ያመለጥኩት ሒሳብ ፒያሳ ላይ ያዘኝ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለች አንዲት ቱቶሪያል ቤት ሁለት ወር ተምሬ ጨረስኩ። የምወቅሳት ነገር ስላለ ስሟን አልጠራም።

እኔ የመንዙማ ግጥም አጥኚ ነኝ። አስራ አንደኛ ክፍል ሶሻል የመረጥኩት ከሒሳብ ለመሸሽ ነበር (ሶሻልም ሒሳብ እንዳለው ያወቅኩት ከገባሁ በኋላ ነው)። ዘንድሮ የሰበሰብኳቸውን ግጥሞች በቃላት ድግግሞሽ ላወዳድር ብነሳ አማካሪዬ «ቁጥር መደርደር ብቻውን ጥናት አይሆንም» አሉኝ። ኢንተርኔት ላይ የከፈትኩት ማብራሪያ ሁሉ ሦስተኛው መስመር ላይ ሎጋሪዝም ያመጣል። ምን ላድርግ፣ ተመዘገብኩ።

ቅሬታዬን ላስቀድም። 11 ሰዓት የተባለው 12 ሰዓት ነው የሚጀመረው፣ የማትሪክ ልጆች ክፍሉን እስኪለቁ ኮሪደር ላይ መቆም ነው፣ የደሴን ብርድ ለሚያውቅ ሌላ ማብራራት አያስፈልግም። ከሥር የብረት በር የሚሠራ ቤት አለ። ግራይንደሩ ሲነሳ አስተማሪው ዝም ይላል፣ ሲቆም ካቆመበት ይቀጥላል። ለምዶታል። መብራት ከሄደ ትምህርቱ ያበቃል፣ ብሩ ግን አይመለስም።

አስተማሪው ልጅ ግን ጎበዝ ነው። ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ የተማረ ነው። መጀመሪያ ቀን «ሒሳብ በጭራሽ አይገባኝም» ስለው «አብሽሩ ጋሼ፣ ባሕረ ሐሳብ ያውቃሉ?» አለኝ። በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበትን የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት ማለቱ ነው። አውቃለሁ። የወሎ ሰው ነኝ፣ በአባቴ በኩል ሸህ፣ በእናቴ በኩል መሪጌታ አሉኝ። 2017 ዓ.ም.ን አሠራኝ (ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅ በየደረጃው የሚወጡት ቁጥሮች ስም ናቸው)። በ5,500 ላይ ሲደመር 7,517። ለ19 ሲገደፍ (ሲካፈል ማለት ነው፣ የሚያዘው ትራፊው ነው) 12 ይተርፋል፣ አንድ ሲነሳለት ወንበር 11። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 121፣ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴ 1። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 209፣ ለ30 ሲገደፍ መጥቅ 29። «እኛ ሞዱሎ የምንለው ይሄንኑ ነው» አለ። ለካ አያቴ ጓሮ ተቀምጬ ስሠራው የኖርኩት ሒሳብ ነው!

ሎጋሪዝምም ላይ እንዲሁ ነው ያደረገው። ለ10 አንድ፣ ለ100 ሁለት፣ ለ1,000 ሦስት፤ «ዜሮዎቹን መቁጠር በሉት ለጊዜው»። ከዚያ የራሴን የቃላት ዝርዝር አስመጣኝ። ዚፍ የሚባል ሰው ስም ያለበት ሕግ አለ፤ በብዛት አንደኛ የሆነው ቃል የሁለተኛውን እጥፍ፣ የሦስተኛውን ሦስት እጥፍ ገደማ ይደጋገማል ይላል። ደረጃውንም ብዛቱንም በሎጋሪዝም ስታስቀምጠው ወደ ቀጥታ መስመር ይጠጋል። የኔም ተጠጋ፣ ጥቂት ቃላት ብቻ ከመስመሩ በላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። ስናያቸው ሁሉም የአዝማቹ ቃላት ናቸው። ተቀባዩ ሕዝብ በመለሰ ቁጥር እኔ እየቆጠርኩ ነበርና!

«ታዲያ ልቁጠረው አልቁጠረው?» አልኩት።

«እሱን ሒሳቡ አይነግርዎትም» አለ ማርከሩን እየከደነ። «ተቀባዩ የሚለው የግጥሙ አካል ነው አይደለም? የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

እስካሁን እያሰብኩበት ነው።

በሰዓት 250 ብር ነው የከፈልኩት፣ ለአንድ ለአንድ ትምህርት አልተወደደም። በጽሑፍ የሚሰጡት ነገር ስለሌለ ደብተር ይያዙ። የምትሄዱ ከሆነ እሁድ ጠዋትን ያዙ፣ ብረት ቤቱ ዝግ ነው።