ለአሮጌ የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል የጎማ ኩሽኔታ፦ የፋብሪካው ካርቶን፣ ርካሹ ኪት ወይስ በቁጥር የሚገዛው?

ዕድሜው የገፋ የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል ያላቸው ወዳጆቼ የጎማቸው ኩሽኔታ ወይም ቤሪንግ ማጉረምረም ሲጀምር የሚያነሡልኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው። የሞተሩ ፋብሪካ በራሱ ካርቶን የሚሸጠውን እንግዛ፣ በአንድ ከረጢት ተጠቃሎ የሚመጣውን ርካሽ ኪት እንግዛ፣ ወይስ በኩሽኔታው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዘን ከኩሽኔታ ነጋዴ እንግዛ? መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ስሙ የታወቀ አምራች የሠራውንና በቁጥር የሚገዛውን እመርጣለሁ፤ ኪቱን ግን በነፃ ቢሰጡኝም አልገጥመውም። ክርክሩ ከሞላ ጎደል የዋጋ ስለሆነ፣ ለማነጻጸር እንዲመች በቁጥር የሚገዛውን የታወቀ አምራች ኩሽኔታ ዋጋ 100 ብለን እንነሣ። እኔ እስካሁን ባየኋቸው ዋጋዎች፣ በዚህ ስሌት የፋብሪካው ካርቶን ከ200 እስከ 300 ይደርሳል፤ ኪቱ ደግሞ ለአንድ ኩሽኔታ ሲካፈል ከ30 እስከ 40 ቢሆን ነው።

ገንዘቡ ለምን እንደሚከፈል ለመለየት የጎማ ኩሽኔታ በምን እንደሚበላሽ ማወቅ ያስፈልጋል። በብዙ ሞተሮች ላይ የሚገኘው 6204 የሚል ቁጥር ያለው ኩሽኔታ የውስጥ ቀዳዳው 20፣ የውጭ ዙሪያው ስፋት 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ አምራቾች ለዕድሜ ስሌት የሚሰጡት የመሸከም አቅሙ 13 ኪሎ ኒውተን አካባቢ ነው። በአንዱ ኩሽኔታ ላይ 100 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ቢያርፍበትና ጎማው በአንድ ዙር 2 ሜትር ቢጓዝ፣ በወረቀት ላይ የሚወጣው ዕድሜ ከ4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ፍጥነቱም ቢሆን አያሳስብም፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ጎማው በደቂቃ የሚዞረው ወደ 830 ጊዜ ሲሆን፣ በሁለት ጎኑ የጎማ (የላስቲክ) ሽፋን ያለው 6204 እስከ 10,000 አካባቢ ይፈቀድለታል። ስለዚህ አብዛኛውን የጎማ ኩሽኔታ የሚገድለው ክብደትም ፍጥነትም ሳይሆን፣ በሽፋኑ ጠርዝ ሾልኮ የሚገባ ውሃና አቧራ ነው፤ በተለይ በከፍተኛ ግፊት ውሃ ሞዞው (ኩሽኔታው የሚቀመጥበት የጎማው መሃል) ላይ ቀጥታ የሚያጥብ ሰው ግራሶውን፣ ማለትም ቅባቱን፣ በገዛ እጁ እያስወጣ ነው። እኛም የምንከፍለው ለሦስት ነገሮች ነው፤ ለሽፋኑ፣ ለግራሶውና ለልኩ ትክክለኛነት። የሴራሚክ ኳስ ያላቸውን የሚመኙ አሉ፤ በእንዲህ ዓይነት ፍጥነት ላይ ለሚሠራ ጎማ ገንዘብ መጣል ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

የፋብሪካውን ካርቶን በተመለከተ ገዢው ሊያውቀው የሚገባ አንድ እውነት አለ። የሞተር ሳይክል ፋብሪካዎች የጎማ ኩሽኔታቸውን ራሳቸው አይሠሩትም፤ ከኩሽኔታ አምራቾች ይገዛሉ። የጃፓን ሞተር ካርቶን ተከፍቶ ኩሽኔታው ሲወጣ በጠርዙ ላይ ኤንቲኤን፣ ኤንኤስኬ ወይም ኮዮ የሚል ስም ከነቁጥሩ ተቀርጾ ይነበባል። ያንኑ ስምና ያንኑ ቁጥር በ100 ማግኘት እየተቻለ 250 የሚከፈለው ለካርቶኑና ለእርግጠኝነቱ ነው ማለት ነው። እርግጠኝነቱ ዋጋ የለውም አልልም፤ ከፋብሪካው ሕጋዊ ወኪል የተገዛ ኩሽኔታ ሐሰተኛ የመሆን ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። ደግሞም ልኩ ከመደበኛው የተለየ፣ በተለይም ውፍረቱ በካታሎግ የማይገኝ ኩሽኔታ የገጠማቸው ሞተሮች አሉ፤ እዚያ ላይ ሳያንገራግሩ ካርቶኑን መግዛት ነው። በኳስ ፈንታ ሾጣጣ ሮለር ያለው ኩሽኔታ የገጠማቸውን፣ ለምሳሌ እስከ 1999 እ.ኤ.አ. የተሠሩትን የሃርሊ ዴቪድሰን ሞተሮች፣ ይህ ንጽጽር አይመለከታቸውም፤ ኩሽኔታዎቻቸው ሲገጠሙ ልቀታቸው (የውስጥ ክፍተታቸው) መስተካከል ያለበት የተለየ ዓይነት ናቸው።

ወደ ኪቱ ስንመጣ ትንሽ ልቆይ። አንድ ወዳጄ ለኋላ ጎማው ገዝቶ ያመጣውን ኪት ከመግጠማችን በፊት በማይክሮሜትር ለክቼው ነበር። የ6204 የውጭ ስፋት በመደበኛው ደረጃ ከ47 ሚሊ ሜትር ሊበልጥ፣ ከ46.989 ሊያንስ አይፈቀድም፤ ከሁለቱ አንዱ 46.97 ሆኖ ተገኘ። ሞዞው ሳይሞቅ፣ መዶሻም ሳይነካው፣ በአውራ ጣት ተገፍቶ ሰተት ብሎ ገባ። ሻጩ ይህን «ለመግጠም የሚቀል» ብሎ ሊያወድሰው ይችል ይሆናል። የጎማ ሽፋኑን በቀጭን ስለት ቀስ ብዬ ሳነሣው ደግሞ ከንፈሩ (የሽፋኑ የውስጥ ጠርዝ) የውስጡን ቀለበት ጨርሶ አይነካም ነበር፤ በመካከላቸው ወረቀት ያሳልፋል። ግራሶውም በአንድ በኩል ብቻ ተቀብቶ፣ በሌላው በኩል ያሉት ኳሶች ደረቅ ነበሩ። ደህና አምራች ከባዶው ቦታ ሩብ እስከ ሢሶ የሚሆነውን በግራሶ ይሞላል።

ኪቱን በነፃም አልገጥመውም ያልኩት በግራሶው ምክንያት አይደለም። ሞዞውን አጥብቆ ያልያዘው የውጭ ቀለበት መንገድ ላይ በቦታው መዞር ይጀምራል፤ ቀለበቱ ብረት፣ ሞዞው አሉሚኒየም ስለሆነ የሚበላው ሞዞው ነው። ከተበላ በኋላ እጅግ ውድ የሆነውን ኩሽኔታ ብታመጡለትም አይዘውም። አንዳንዱ ዙሪያውን በፑንቶ (በሹል የብረት መምቻ) እየመታ ሊያጠብበው ይሞክራል፤ ያ ነጥብ በጥቂት ጊዜ ተደምስሶ ኩሽኔታው ይላላል። ጠንካራ የማጣበቂያ ፈሳሽም ቢሆን ልቀቱ ጥቂት ለሆነ ሞዞ ጊዜ ይገዛ ይሆናል እንጂ መፍትሔ አይደለም። ለአሮጌ ሞተር አዲስ ጎማ ከነሞዞው ማግኘት ብርቅ ነው፤ ከተፈታ ሞተር የወጣ ያገለገለ ቢገኝ እንኳ በስሌታችን ከ2,000 ሲወርድ አላየሁም። ኪቱ በሁለት ኩሽኔታ ያተረፈው 130 ያህል ነበር።

አሁን ወደ ምርጫዬ። በቁጥር መግዛት የሚጀምረው አሮጌውን አውጥቶ ጠርዙን በማጽዳትና በማንበብ ነው። 62 እና 63 የሚሉት መነሻዎች የኩሽኔታውን የግዝፈት ተራ ይናገራሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ከ04 ጀምሮ በ5 ሲባዙ የቀዳዳውን ስፋት ይሰጣሉ፤ 03 ግን 17 ሚሊ ሜትር፣ 02 ደግሞ 15 ነው። 6204ን በ6304 መተካት አይቻልም፤ ሁለቱም ለ20 ሚሊ ሜትር ፔርኖ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) ቢሆኑም የኋለኛው የውጭ ስፋቱ 52፣ ውፍረቱ 15 ነው። ከቁጥሩ በኋላ የሚመጡት ፊደላት ናቸው ገዢን የሚያሳስቱት። በሁለቱም በኩል የሚነካ የጎማ ሽፋን ያለውን ኤስኬኤፍ የተባለው አምራች 2አርኤስ1 ወይም 2አርኤስኤች፣ ኤንኤስኬ ዲዲዩ፣ ኤንቲኤን ኤልኤልዩ ብለው ይጽፉታል። ዜድዜድ ወይም 2ዜድ የሚለው የብረት ሽፋን ነው፤ የውስጡን ቀለበት ስለማይነካ ውሃ አይመልስም፤ ነጋዴው «ያው ነው» ብሎ በ80 ቢሰጥም አይወሰድም። ከዚህ የባሰው ወጥመድ ግን የኤንኤስኬ ቪቪ እና የኤንቲኤን ኤልኤልቢ ናቸው፤ ሽፋናቸው ጎማ ስለሆነ ሲያዩአቸው ትክክለኛውን ይመስላሉ፣ ነገር ግን ከንፈራቸው አይነካም። ለኤሌክትሪክ ሞተር ግሩም ዕቃ ናቸው፤ ለዝናብ መንገድ አይደሉም። አንዳንድ አሮጌ ሞተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ በውጭ በኩል ብቻ የተሸፈነ ኩሽኔታ ነበራቸው፤ በሁለት በኩል በተሸፈነው ያለ ሥጋት መተካት ይቻላል።

ከቁጥሩ በኋላ ስለሚጻፈው ሲ3 ብዙ ስለሚጠየቅ አንድ ነገር ልበል። ሲ3 የጥራት ማዕረግ አይደለም፤ በኳሱና በቀለበቶቹ መካከል ያለው ልቀት ከመደበኛው ሰፋ ማለቱን ብቻ ይናገራል። 20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ላለው ኩሽኔታ መደበኛው ከ5 እስከ 20 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ)፣ ሲ3 ከ13 እስከ 28 ማይክሮን ስለሆነ ሁለቱ ይደራረባሉ። አሮጌው ላይ ሲ3 ከተጻፈ ሲ3፣ ካልተጻፈ መደበኛውን መግዛት ይበቃል፤ ለእርሱ ተብሎ ተጨማሪ መክፈል አያስፈልግም።

በቁጥር መግዛት አንድ እውነተኛ ድክመት አለው፤ አስመሳዮች የሚያተኩሩት በእነዚሁ ታዋቂ ስሞች ላይ ነው። ጽሑፉ በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ሲታሽ የለቀቀ «የታወቀ ስም» በእጄ ገብቶ ያውቃል፤ በደንብ የተሠራው ሐሰተኛ ግን ስለማይለቅ ይህ ፈተና ማረጋገጫ አይሆንም። ካርቶኑም ከእውነተኛው የማይለይበት ጊዜ አለ። ኤስኬኤፍ በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ተቀብሎ ባለሙያዎቹ የሚመረምሩበት ኦተንቲኬት የተባለ መተግበሪያ አለው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአምራቹ ሕጋዊ አከፋፋይ ከሆነ ነጋዴ መግዛት ነው። ሕጋዊው አከፋፋይ 100 የሚለውን ሌላው በ50 ከሰጠ፣ ቅናሹ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይገባል።

ከካርቶኑ ጋር ሲነጻጸር በአንድ ጎማ 300 ያህል ይተርፋል። ይህን ትርፍ እኔ ሁለት ቦታ አውለዋለሁ። አንደኛው የሞዞው ፓራኦሊዮዎች (የሞዞውን አፍ የሚዘጉ የጎማ ቀለበቶች) ናቸው፤ ልካቸው ለየሞተሩ የተለየ ስለሚሆንና ለውሃ የመጀመሪያዎቹ ተከላካዮች ስለሆኑ እነርሱን ከፋብሪካው ካርቶን እገዛለሁ። ሁለተኛው በቀዳዳው ውስጥ ተከፍቶ የሚይዝ የኩሽኔታ መንቀያ ነው፤ በብረት ዘንግ ከውስጥ እየመቱ ማውጣት ይቻላል፣ ነገር ግን ዘንጉ ሲንሸራተት ሞዞውን ይቧጭራል። ተመትቶ የወጣ ኩሽኔታ ደህና ቢመስልም ተመልሶ አይገባም፤ ምቱ ያለፈው በኳሶቹ በኩል ነውና።

አዲሱ ሲገባ ሞዞውን ከክፍል ሙቀት 80 ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግ 47 ሚሊ ሜትሩን ቀዳዳ በ0.08 ሚሊ ሜትር ገደማ ያሰፋዋል፤ ኩሽኔታው በማቀዝቀዣ ከቆየ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለ መዶሻ ይገባል። መግፋት ካስፈለገም የሚገፋው የውጭው ቀለበት ብቻ ነው። የጥገና መመሪያው በሚያዘው ወገን ያለው መጀመሪያ እስከ ወለሉ ይገባል፣ ቀጥሎ በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሃል የሚሆነው ቱቦ ይቀመጣል፣ ሁለተኛው ቱቦውን እስኪነካ ድረስ ብቻ ይገፋል። ቱቦው ጫፉ ተበልቶ ካጠረ፣ ወይም ሁለተኛው ከመጠን በላይ ከተገፋ፣ ፔርኖው ሲጠብቅ ኳሶቹ ወደ ጎን ተጨንቀው ይቀራሉ። ስለዚህ ጎማው ከመመለሱ በፊት የውስጡን ቀለበት በጣት አዙሩት፤ የሽፋኑ ከንፈር የሚሰጠው ለስላሳ መያዝ ጤና ነው፤ ቀለበቱ ከተንገጫገጨ ወይም አልዞር ካለ ግን ፔርኖውን ከማጥበቃችሁ በፊት ቱቦውን እንደገና ለኩት።