በ48 ዩሮ የገዛሁት አሮጌ የዞሊንገን ታጣፊ ምላጭ፦ ከ11 ወራት በኋላ

ጺሜ ከርዳዳ ነው። ከወጣትነቴ ጀምሮ በተላጨሁ በማግስቱ አንገቴ ላይ እብጠት ይወጣ ነበር፤ የተቆረጠው ጸጉር እንደ መንጠቆ ታጥፎ ተመልሶ ቆዳው ውስጥ ይገባል፣ ያቆስላል፣ ሲድንም ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል። ጀርመን ውስጥ ኮሎኝ ከተማ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ የተጠቀምኩባቸው ባለ ብዙ ስለት መላጫዎች ችግሩን አባባሱት እንጂ አላቃለሉትም። ምክንያቱን ያስረዳኝ የቆዳ ሐኪም ነው፤ የፊተኛው ስለት ጸጉሩን ጎተት ሲያደርገው ተከታዩ ከቆዳው ወለል ዝቅ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ከርዳዳ ጸጉር ደግሞ ከቆዳ በታች ከተቆረጠ በኋላ ሲያድግ መውጫውን ይስታል። ሐኪሙ ጺሜን እንዳሳድግ፣ ይህ ካልሆነ ደግሞ በአንድ ስለት ብቻ እንድላጭ መከረኝ። ታጣፊ ምላጭ ፍለጋ የወጣሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ታጣፊ ምላጭ ስል እጀታው ራሱ ሰገባ የሆነለትን፣ ስለቱ የማይጣለውንና እየተሳለ ለብዙ ዓመታት የሚያገለግለውን ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጸጉር አስተካካዩ ዓይናችን እያየ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አውጥቶ፣ ለሁለት ሰብሮ የሚያስገባበት እጀታ በቅርጽ ቢመሳሰለውም ሌላ ዕቃ ነው። እሱ ርካሽና ንጹሕ ስለሆነ አስቀድሜ ለሁለት ሳምንት ሞክሬው ነበር። ነገር ግን በጣም ቀላል ከመሆኑ የተነሣ በእጅ ላይ አይረጋም፣ እጅ ትንሽ ከሳተ ደግሞ ወዲያው ይቆርጣል። በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ድንቅ መሣሪያ ቢሆንም ራሱን በመስታወት እያየ ለሚማር ጀማሪ አልመክረውም።

የመጀመሪያ ግዢዬ ስህተት ነበር። ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ በ15 ዩሮ አዲስና የሚያብለጨልጭ ታጣፊ ምላጭ አዘዝኩ፤ ማስታወቂያው «ለመላጨት ዝግጁ» ይላል። ጉንጬ ላይ ሳሳርፈው ጸጉሩን ከመቁረጥ ይልቅ ነጨው። ምላጭ ለሚስል ባለሙያ ወስጄ ባሳየው፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አጋድሞ አንደኛውን ጫፍ በጣቱ ተጫነው፤ ምላጩም እግሩ እንደ ተዛነፈ በርጩማ ተንገዳገደ። የታጣፊ ምላጭ ጀርባ ለጌጥ የተሠራ አይደለም፤ በሚሳልበት ጊዜ ጀርባውና ስለቱ አብረው ድንጋዩ ላይ ስለሚተኙ የስለቱን ማዕዘን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ነው። ጀርባው ከተጣመመ ስለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ድንጋዩን አይነካም። ባለሙያው ያንን ለማቃናት የጠየቀኝ ዋጋ ከምላጩ ዋጋ ስለበለጠ ተውኩት።

ሁለተኛውን፣ እስከ ዛሬ የምላጭበትን፣ የገዛሁት አሮጌ ምላጮችን አጽድቶና ስሎ ከሚሸጥ ሰው ነው። አዲስ የዞሊንገን ምላጭ ከ100 ዩሮ በታች ማግኘት አስቸጋሪ ሲሆን እኔ የከፈልኩት 48 ዩሮ ነው። ከጀርባው እስከ ስለቱ ያለው ስፋት 5/8 ኢንች፣ ማለትም 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ ስፋት ከአፍንጫ ሥር ለመግባት ጠባብ፣ ጉንጭ ላይ ለመርጋትም በቂ ስለሆነ ለጀማሪ ተስማሚ ነው። ጫፉ ክብ ነው፤ ሹል ጫፍ ያለው ግን ጆሮ አካባቢ አደጋ አለው። ጎኖቹ ወደ ውስጥ ስለተሰረጎዱ ወደ ስለቱ ሲጠጋ ብረቱ እጅግ ይሳሳል፣ ስንላጭበትም ጸጉሩን በቆረጠ ቁጥር ጥርት ያለ ድምፅ ይሰማል። ይህን ድምፅ ማዳመጥ ተምሬአለሁ፤ ድምፁ ከታፈነ ወይ ማዕዘኑ ተበላሽቷል፣ ወይ ስለቱ መዶልዶም ጀምሯል ማለት ነው። ጥቁሩ የፕላስቲክ እጀታ ምስማሩ አጠገብ ጥቂት ተሰንጥቋል፤ የሠሪው ስም ከብረቱ ላይ ቢደበዝዝም «ዞሊንገን» የሚለው ቃል ግን በግልጽ ይነበባል።

ያ ቃል ቁምነገር አለው። ዞሊንገን ከኮሎኝ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ለዘመናት በስለት ሥራ የኖረች ከተማ ናት። ስሟ ከ1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ሲሆን ዋና ዋና የአሠራር ሂደቶቹ በዚያ አካባቢ ያልተከናወኑለት ስለት ስሟን ሊይዝ አይችልም። አንድ ቅዳሜ ግሬፍራት በሚባለው ሰፈሯ የሚገኘውን የስለት ሙዚየም ለማየት ሄድኩ፤ በቩፐር ወንዝ ዳርም ውኃ የመሳያውን ድንጋይ ያሽከረክርባቸው ከነበሩት ወፍጮ መሰል ቤቶች ጥቂቶቹ እስካሁን ይታያሉ። እጄ ላይ ያለው ርካሽ ዕቃ የማን ልፋት እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ስለሆነ፣ አሮጌ ምላጭን የማደንቀው በዋጋው ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ልምዱ ልመለስ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የተላጨሁት ጉንጬን ብቻ ሲሆን የቀረውን በቀድሞው መላጫ እጨርስ ነበር፤ ማንኛውም ጀማሪ እንዲህ ቢያደርግ ደስ ይለኛል። ፊትን በሙቅ ውኃ ማለስለስና ሳሙናውን በብሩሽ መትቶ እርጎ የመሰለ አረፋ ማውጣት ግማሹ ሥራ ነው። ቀጥሎ በሌላው እጅ ቆዳን ወጠር አድርጎ መያዝና ምላጩን ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ያህል ማዕዘን እንዲፈጥር አድርጎ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ከቀና ይቆርጣል፣ በጣም ከተኛ ደግሞ ጸጉሩን ይነጫል። በእጅ መጫን ፈጽሞ አያስፈልግም። አገጬን ለመልመድ ሦስት ወር ወስዶብኛል፤ መጀመሪያ 40 ደቂቃ ይፈጅብኝ የነበረው ሥራ አሁን በ15 ደቂቃ ያልቃል።

ከምላጩ ይልቅ ያስቸገረኝ ስለቱ የሚቃናበት የቆዳ ጠፍር ነው። ታጣፊ ምላጭ ከእያንዳንዱ መላጨት በፊት በተወጠረ ቆዳ ላይ ከ30 እስከ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ ይህም ብረቱን አይቀንሰውም፣ በአገልግሎት የተጣመመውን እጅግ ቀጭን የስለት ጠርዝ ያቃናዋል እንጂ። ሲመላለስ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስም የሚገለበጠው በጀርባው ላይ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ለሥራ እየተጣደፍኩ ሳለ እጄ ስቶ በስለቱ በኩል ገለበጥኩትና በ32 ዩሮ የገዛሁት ቆዳ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቅርፊት አነሣሁ። በጥሩ ማጣበቂያ ለጥፌ፣ በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት አለስልሼ እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ፤ ነገር ግን ምላጩ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ንክኪው ዛሬም እጄ ላይ ይታወቀኛል። ለመማሪያ የሚሆን የመጀመሪያ ቆዳ ውድ ባይሆን መልካም ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ዝገት ነው። ብረቱ ካርቦን የበዛበት ስለሆነ በደንብ ስለት ይይዛል፣ ነገር ግን እርጥበትን አይችልም። የመታጠቢያ ክፍሌ መስኮት የለውም፤ በአራተኛው ወር ምላጩን እዚያው አሳድሬው በማግስቱ ጎኑ ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ሦስት ቡናማ ነጥቦች አየሁ። እንደ ዕድል ሆኖ ከስለቱ ራቅ ብለው ስለነበሩ በብረት ማጽጃ ቅባት ጠረግኋቸው። ከዚያ ወዲህ በለስላሳ ጨርቅ ካደረቅሁት በኋላ አንዲት ጠብታ ዘይት ቀብቼ መኝታ ክፍል መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ዝገቱም አልተመለሰም።

በሳምንት ሦስት ጊዜ ስለምላጭ እስከ ስምንተኛው ወር ድረስ በቆዳው ብቻ ቆይቻለሁ። ያኔ ከንፈሬ ላይ ጸጉሩን መንጨት ሲጀምር ለባለሙያ ሰጠሁት፤ 25 ዩሮ ከፍዬ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ሆኖ ተመለሰልኝ። ራስን ለማስቻል ከ1000 እስከ 12000 ቁጥር የሚደርሱ ድንጋዮች መግዛት ይቻላል፤ ሆኖም የእነሱ ዋጋ ከምላጩ ስለሚበልጥ ለመጀመሪያው ዓመት አያስፈልጉም ባይ ነኝ።

ወጪውን ስደምረው ምላጩ 48፣ ቆዳው 32፣ ብሩሽና ሳሙናው 20፣ ለሳለልኝ ባለሙያ የከፈልኩት 25፣ ጠቅላላው 125 ዩሮ ይመጣል፤ ያለ አገልግሎት የቀረውን 15 ዩሮ ሳልቆጥር ማለት ነው። ቀድሞ ለሚጣሉት ስለቶች በወር 11 ዩሮ አወጣ ስለነበር በ11 ወራት ውስጥ ያተረፍኩት ገንዘብ የለም። ትርፉ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ይመጣል።

አንገቴን በተመለከተ ግን ለውጡ ግልጽ ነው። ከሦስተኛው ወር በኋላ አዲስ እብጠት የማየው ከስንት አንዴ ሲሆን፣ የድሮዎቹ ጥቁር ምልክቶችም እየደበዘዙ ነው። ለዚህ ያበቃኝ ግን ጸጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ብቻ መላጨቴ ነው። ሁለት ጊዜ ለሠርግ ይበልጥ እንዲለሰልስልኝ ፈልጌ አንገቴን ሽቅብ ተላጨሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ እብጠቱ በሳምንቱ ተመለሰ። ስለዚህ ማታ ላይ አንገቴን ስዳስሰው ትንሽ ይከረክራል፤ ይህን ተቀብዬዋለሁ።

ለትንሣኤ አዲስ አበባ ስሄድም ይዤው ሄጄ ነበር። በእጅ ሻንጣ ወደ አውሮፕላን ስለማይገባ ጭነት በሚገባው ሻንጣ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ወላጆቼ ቤት ቧንቧው ለሦስት ቀን ባይመጣም አንድ ጣሳ ሙቅ ውኃ በቃኝ፤ ቆዳውን የመስኮቱ ብረት ላይ አንጠልጥዬ ሳመላልስ አባቴ በሩ ላይ ቆመው እስክጨርስ ተመለከቱ። ከዚያም ምላጩን ተቀብለው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና «በል እኔንም ላጨኝ» አሉኝ። የሌላ ሰው ፊት ላጭቼ ስለማላውቅ ጉንጫቸውን ብቻ፣ ቀስ እያልኩ ላጨኋቸው፤ አንድም ቦታ አልደማም።